«ንጹህ ባሌስትራ» የተባለ ቢላዋ ሞረድ ሳታስነኩ ብር እንዳትልኩ

ሰላም ወገን። ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ቢላዋ በትዕዛዝ ልታሠሩ ካሰባችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት ይችን አንብቡልኝ። እኔ 4,500 ብር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ ውሰዱት። ለማያውቅ፣ ባሌስትራ የመኪናን ጭነት የሚሸከመው ጎባጣ ብረት ነው፤ ሞረድ ደግሞ ብረት የሚፋቅበት ጥርሳም መሣሪያ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት እወዳለሁ። የእንጀራ ሥራዬ ሌላ ነው፣ ግን ቅዳሜና እሁድ ሲሆን ጭልፋ፣ ማንኪያ፣ አንዳንዴም ለሰው የምሰጠው ትንሽ ሳህን እቀርጻለሁ። ጦሳ ሥር የአንዱ ጓደኛዬ ቤተሰብ ባህር ዛፍ አላቸው፤ እዚያ ሦስት ሆነን እሳት አንድደን፣ ቡና አፍልተን፣ እየተጫወትን ስንቀርጽ እንውላለን። እስካሁን የምሠራው በእናቴ የድሮ የወጥ ቤት ቢላዋ ነበር። ስስ ነው፤ ጠንከር ያለ እንጨት ላይ ይርገበገባል። ወፈር ያለ፣ እጅ የሚሞላ፣ ለእንጨት ተብሎ በእጅ የተሠራ አንድ ቢላዋ እንዲኖረኝ ስመኝ ነው የኖርኩት።

ቴሌግራም ላይ አንድ ሻጭ አገኘሁ። ስም አልጠራም፣ ጣጣው ብዙ ነው። ቪዲዮዎቹ ግን ያማልላሉ። ወናፍ እሳቱን ያራግባል፣ ብረቱ ፍም መስሎ ይወጣል፣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ነበልባሉ ቦግ ይላል። ከዚያ የተጠናቀቀው ቢላዋ ወረቀት እንደ ቅቤ ይቆርጣል። መጨረሻ ላይ ማግኔት ያስጠጉበትና ጠቅ ብሎ ሲይዝ «ይኸው፣ ንጹህ ባሌስትራ!» ይላሉ። እኔም አመንኩ። አሁን ሳስበው ራሴን መምታት ያምረኛል። ማግኔት እኮ ፌሮንም ይይዛል፣ ላሜራንም ይይዛል፣ የሣር ቤት ምስማርንም ይይዛል! ወረቀትማ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ክዳንም ደህና አድርገህ ከሳልከው ይቆርጠዋል። ስለት ለአንድ ቀን ማውጣት ከባድ አይደለም። ከባዱ ስለቱ እንዲቆይ ማድረግ ነው።

ደወልኩ። ልጁ አፉ ጣፋጭ ነው። «ወላሂ የአይሱዙ ባሌስትራ ነው፣ እጀታው ወይራ፣ አብሽር ወንድሜ፣ የልጅ ልጅህ ይቆርጥበታል» አለኝ። ግማሹን በቴሌብር ላኩ። በአሥር ቀን ይደርሳል የተባለው ወር አለፈው፣ በየሳምንቱ ስደውል መልሱ ያው «አብሽር» ነው። በመጨረሻ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ አንድ ሌላ ልጅ ፒያሳ ድረስ በባጃጅ አመጣልኝና ቀሪውን ከፈልኩ። ደረሰኝ? ትዝም አላለኝ።

እውነቱን ለመናገር ሲያዩት ያምራል። ጥቁር ቡኒ እጀታ፣ ሦስት የነሐስ ምስማር፣ አዲስ ቆዳ የሚሸት አፎት። ቤት አምጥቼ ለእናቴ ሳሳያት «ልታርድ ነው?» አለችኝ። የደሴን ነሐሴ ታውቁታላችሁ፣ ዝናብና ጉም ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እያየሁት ብቻ ወሩ አለቀ። ይሄ መዘግየት በኋላ ጎድቶኛል፣ እመለስበታለሁ።

እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ ፀሐይ ወጣ፣ ጦሳ ሥር ወጣን። መጀመሪያ ደረቅ የባህር ዛፍ ፍልጥ ይዤ ለእሳት ማቀጣጠያ መፈቅፈቅ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ደስ ይሉ ነበር። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ ይወርዳል። ጓደኛዬ ራሱ «አሪፍ ነው፣ ለኔም እዘዝልኝ» አለ። ከዚያ መንሸራተት ጀመረ። እንጨቱን መንከሱን ትቶ ላዩ ላይ ይሄዳል። ጫን ስለው ደግሞ ድንገት ይገባና ይፈናጠራል። ደነዝ ቢላዋ ከስለታሙ ይልቅ ሰው የሚያቆስለው ለዚህ ነው። የግራ አውራ ጣቴ ላይ ያለችው ጠባሳ ከዚያች ቀን ናት።

ስለቱን ወደ ላይ አድርጌ ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ይሄን ልብ በሉ፣ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። በደንብ የተሳለ ስለት ፊት ለፊት ሲያዩት አይታይም፤ ብርሃን የሚያርፍበት ስፋት የለውማ። የኔው ግን ከመሃሉ እስከ ጫፉ ነጭ ክር የተዘረጋበት ይመስል ያብለጨልጫል። ከጎን በጥፍሬ ስዳስሰው በአንዱ በኩል ልስልስ ያለ ነው፣ በሌላው በኩል ጥፍሬን ይይዘዋል። ስለቱ አልተሸረፈም። ወደ አንድ ወገን ተጣጥፎ ተኝቷል። ከመጠን በላይ የጠነከረ ብረት ይሸረፋል፣ ለስላሳው ግን እንዲህ ይተኛል። ድንጋይ ይዤ ስለነበር ሳልኩት፣ ተሳለ፤ አሥር ደቂቃ ቀርጬበት ተመልሶ ተኛ።

እሺ፣ ምናልባት መጀመሪያ የወጣለት ስለት ነው የከፋው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ክንድ የሚያህል ፍልጥ አቁሜ ቢላዋውን አናቱ ላይ አሳረፍኩና ጀርባውን በዱላ መታሁት። ቀጭን እንጨት እንዲህ መፍለጥ ለዚህ ዓይነት ወፍራም ቢላዋ ጉድ የሚያሰኝ ፈተና አይደለም። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ገባ። በአራተኛው ቅርንጫፍ የበቀለበት ቦታ ደረሰና ቆመ። ነቅዬ ሳየው ጎብጧል። ባሌስትራ እኮ ሥራው መጉበጥና መመለስ ነው! ሙሉ ጭነት ተሸክሞ የሐረጎን ዳገት ስንቴ የወጣ ብረት በአንድ የዱላ ምት ጎብጦ ይቀራል? ጉልበቴ ላይ አድርጌ አቃናሁት። በእጄ። ተቃና። ጓደኛዬ «ለኔ ያዘዝከውን ሰርዘው» አለና ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም።

የእጀታው ጉድ ደግሞ አለ። ላብ ሲነካው መዳፌ የጫማ ቀለም የነካ ይመስል ጠቆረ። ከዱላው በኋላ መገጣጠሚያው ተከፍቶ ስለነበር በጣቴ ፈልቀቅ አደረግኩት። ውስጡ ነጭ ነው፣ ተራ ባህር ዛፍ፤ የወይራን ክብደትና ያንን ጥቁር ሽንትር የሚያውቅ ሰው አይሳሳተውም። ሦስቱ የነሐስ ምስማሮች ደግሞ አናታቸው ብቻ ነው ያለው፣ በኮላ የተለጠፈ። ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ ጫፍ ይዘልቃል ተብዬ ነበር። የዘለቀው የእርሳስ ውፍረት ያላት ፌሮ ናት፣ በብየዳ የተቀጠለች። የቀረው ቦታ በሰጋቱራና በኮላ ተሞልቷል። እንግዲህ ይሄን ይዞ የሚመታ ሰው ብየዳው ቢለቅ ብረቱ የት እንደሚሄድ አስቡት።

ሰኞ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ባሌስትራ የሚጠግኑ አንድ አባት አውቃለሁ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ከባቲና ከሚሌ የሚመጣው የጭነት መኪና ሁሉ በዚያ ስለሚያልፍ ጋራዡ በር ላይ የተሰበረ ባሌስትራ ሁሌም ተከምሯል። ቢላዋውን አገላብጠው አዩና ምንም አላሉም። ግራይንደሩን አስነሱ። መጀመሪያ ከክምሩ አንድ ስባሪ አንስተው አስነኩት፤ ብልጭታው አጠር ብሎ ጫፉ ላይ እንደ አበባ ይፈነዳል፣ ይበታተናል። ቀጥለው የኔን ጀርባ አስነኩ። ረጃጅም ቢጫ መስመር ብቻ። እምብዛም አይፈነዳም፣ አይበተንም፣ ዝም ብሎ ይሄዳል።

«አየህ ልጄ? ይሄ ላሜራ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ጋሼ፣ አግለው ዘይት ውስጥ ቢነክሩልኝስ?»

«ምኑ ይጠነክራል? ብነክረው ዘይቴን ነው የማሞቀው።»

ነገሩ የካርቦን ነው። የባሌስትራ ብረት 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን አለው። እስከ 800 ዲግሪና ከዚያም ትንሽ በላይ አግለው ዘይት ውስጥ ሲነክሩት የሚጠነክረው በዚያ ካርቦን ምክንያት ነው። ከዚያ እንደ ብርጭቆ እንዳይሰበር እንደገና 200 ዲግሪ አካባቢ አንድ ሁለት ሰዓት ይሞቃል። ተራ ላሜራ ግን ካርቦኑ ከ0.25 በመቶ በታች ነው። ቀኑን ሙሉ ብትነክረው ለቢላዋ የሚሆን ጥንካሬ አያወጣም። ታዲያ ባሌስትራ በየጋራዡ ወድቆ እያለ ለምን ያጭበረብራሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። መልሱ ቀላል ነው፤ ብረቱ ሳይሆን ልፋቱ ነው ውዱ። ባሌስትራ ወፍራምና ጎባጣ ነው፣ ከሰል ይበላል፣ መዶሻ ይፈልጋል። ላሜራ በግራይንደር ቆርጠህ፣ አሹለህ፣ ወልውለህ ከምሳ በፊት ትጨርሰዋለህ። ቪዲዮ ላይ የሚነከረው ብረትና እጃችሁ ላይ የሚደርሰው አንድ ስለመሆኑ ማረጋገጫ የላችሁም።

ጋሼን ላለማስዋሸት ይቺንም ልጨምር። እውነተኛ ባሌስትራ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ቢላዋ ይወጣዋል ማለት አይደለም። ዓመታት ጭነት የተሸከመ ስባሪ ውስጡ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። የጠነከረ ስለትም በግራይንደር ግሎ ሰማያዊ ከሆነ በዚያ ቦታ ጥንካሬው ሄዷል። ስለቱ አጠገብ ሰማያዊ ጥላ ካያችሁ አትውሰዱ።

ስለዚህ ምን ታደርጋላችሁ? አንድ ጥሩ፣ ያላለቀ ሞረድ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ። ቀሪውን ብር ከመክፈላችሁ በፊት ስለቱ አጠገብ ቀስ ብላችሁ ግፉት። በትክክል የጠነከረ ከሆነ ሞረዱ መስተዋት ላይ እንደሄደ ይንሸራተታል፣ ቢጭረው እንኳ ትንሽ ነው። ለስላሳ ከሆነ ወዲያው ይነክሰዋል፣ ዱቄት ያወጣል። ጀርባው ላይ አትሞክሩት። አንዳንድ ጥሩ ሠሪ ጀርባውን ሆን ብሎ ለስላሳ ይተወዋል፣ በከንቱ ትጣላላችሁ። እኔ ሞረዱን የሞከርኩት ጋሼ ጋራዥ ውስጥ ነው። እንደ ካሮት ነው የበላው። «ሞረድ አይነካም፣ ይበላሻል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ወደ ቤት። ጭረቱ እኮ ሁለት ደቂቃ ሲሳል ይጠፋል።

እጀታውን ደግሞ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሹበት፣ ቀለም ከለቀቀ ታወቀ። ብረቱ በእጀታው ጠርዝ ዙሪያውን የሚታይ ቢሆን ይመረጣል፣ ያኔ ውስጡ ምን እንዳለ መጠርጠር የለም። የተደበቀ ከሆነ ከመገጠሙ በፊት ፎቶ ይላክላችሁ። የውሃ ሞገድ የመሰለ ጌጥ ያለበትን «ደማስቆ» እያሉ እጥፍ ዋጋ የሚጠይቁም አሉ። አንዳንዱ ላዩ ላይ በአሲድ የተሣለ ሥዕል ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ስታሹት ይለቅና በዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ መዘግየቴ ልመለስ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለን፣ ቁጥር 813/2006። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ነጋዴም ደረሰኝ መስጠት አለበት። እኔ ቢላዋውን ከአንድ ወር በላይ አፎቱ ውስጥ አስተኝቼ፣ ደረሰኝም ሳልይዝ ነው ንግድ ቢሮ ልሂድ ብዬ የተነሳሁት። የቴሌብር መልእክቱ አለኝ፣ እሱም የሚያሳየው ለአንድ ግለሰብ ስልክ ብር መላኬን ብቻ ነው። እናንተ በተረከባችሁ ሳምንት ውስጥ፣ ዝናብም ይሁን በረዶ፣ ግቢያችሁ ውስጥም ቢሆን እንጨት ላይ ሞክሩት።

ሻጩ ጋ ደወልኩለት። መጀመሪያ «በዱላ መትተኸዋል እንዴ? ቢላዋ እኮ አይመታም» አለኝ። ለእንጨት ሥራ መሆኑን ገና ስናወራ ነግሬው ነበር። ከዚያ «ለጌጥ የሚሆን ነው፣ ግድግዳ ላይ ስቀለው» አለ። የተከፈተውን እጀታ ፎቶ ስልክለት አየው፣ ሁለት ሰማያዊ ምልክት መጣ። ከዚያ ወዲያ ብሎክ ነኝ። ለሁለት ሰው ብቻ ነው ይሄን የነገርኩት፣ አንደኛው ከኮምቦልቻ ተመሳሳይ ቢላዋ እንደገዛ ነገረኝ። ያ ሰው እስካሁን ሳይሞክረው ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀምጦት ነበር። አመሻሹን ሞረድ አስነክቶ «በላው» ብሎ ጻፈልኝ።

ጋሼ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ከዚያው ክምር አንድ ስባሪ መርጠው ቢላዋ ሠሩልኝ። መልኩ አያምርም፣ የመዶሻው ጠባሳ እላዩ ላይ ነው፣ እጀታውም ገና ሻካራ ነው። 1,200 ብር ከፈልኩ። ባለፈው እሁድ አንድ ሙሉ የወይራ ጭልፋ ጨረስኩበት፣ አንዴም አልሳልኩትም። የ4,500ውን እናቴ ወስዳዋለች፣ የልብስ ሳሙና ትቆርጥበታለች።

ትናንት በጓደኛዬ ስልክ ገብቼ አየሁ። ያው ቪዲዮ፣ ያው ማግኔት፣ እጀታው ላይ ያው ሦስት የነሐስ ምስማር። ዋጋው 6,000 ገብቷል፣ «ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች ቅናሽ አለን» ይላል። እዚያ ያዘዛችሁና ገና ያልተረከባችሁ ካላችሁ፣ ልጁ በባጃጅ ሲመጣ ሞረዱን አትርሱ።