ፈቃድ መጠየቅ ወይስ እምቢታን መጠበቅ?

የማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚን ገመና ለመጠበቅ ሁለት መንገዶች ይፎካከራሉ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ኩባንያው የሰውን የግል መረጃ ከመጠቀሙ አስቀድሞ ሕጋዊ ምክንያት፣ ለምሳሌ የመረጃውን ባለቤት ግልጽ ፈቃድ፣ እንዲይዝ ያስገድዳል፤ ከባድ ጥሰት ከዓመታዊ የዓለም አቀፍ ገቢው እስከ 4 በመቶ ሊያስቀጣው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ የዋለው የካሊፎርኒያ ሕግ ግን «መረጃዬን አትሽጡ» የማለትን ሸክም ለባለቤቱ ይተዋል።

እኔ ወደ አውሮፓው አደላለሁ። በርን ከፍቶ «ካልፈለግህ ዝጋው» ማለት ጥበቃ አይመስለኝም። እርግጥ እዚያም ተንኮል አይጠፋም፦ «ተቀበል» የሚለው ቁልፍ ሰፊና ደማቅ ሆኖ «አልቀበልም» የሚለው ከሦስት ገጽ በስተጀርባ ሲደበቅ፣ የደከመ ጣት የቱን እንደሚነካ የታወቀ ነው። የካሊፎርኒያው በአንድ ነገር ይሻላል፤ በአሳሹ (ድረ ገጾችን በሚከፍተው ፕሮግራም) ላይ አንድ ጊዜ የተቀመጠ የእምቢታ ምልክት በየድረ ገጹ ስለ ተጠቃሚው እምቢ ይልለታል።