ደሴ ያገኘነው የካቴተር ቅያሪ አገልግሎት

አባቴ በፕሮስቴት ዕጢ ማበጥ ምክንያት ሽንታቸው በካቴተር (ወደ ሽንት ፊኛ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) መውጣት ከጀመረ ስምንት ወር ሆነ። የሚኖሩት ሐይቅ ስለሆነ ቱቦው በሚቀየርበት ጊዜ ሁሉ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ተጉዘን ደሴ እንመጣለን። ካለፉት አምስት ወራት ወዲህ አገልግሎቱን የምናገኘው ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ አነስተኛ የግል ክሊኒክ ነው። ስሙን ያልጻፍኩት አንባቢ ወደ የትኛውም ቦታ ቢሄድ የሚመዝንበትን ነገር ይዞ እንዲሄድ ስለምፈልግ ነው።

ቀድሞ እንታከምበት በነበረው ሌላ ተቋም፣ አባቴን ትኩሳት በያዛቸውና ብርድ ብርድ ባላቸው ቁጥር ናሙናው ከተንጠለጠለው የሽንት ከረጢት ይቀዳ፣ አንቲባዮቲክ ይታዘዝ፣ ቱቦው ግን እንዳለ ይተው ነበር። በዚህ ሁኔታ ሦስት ዙር መድኃኒት ወሰዱ። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ይበርዳል፤ መድኃኒቱ ባለቀ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። እኛም ጥፋቱ የመድኃኒቱ እየመሰለን «ጠንከር ያለ ይታዘዝልን» ስንል ከረምን።

በአዲሱ ክሊኒክ የተቀበለችን ሲስተር መጀመሪያ የጠየቀችው «ይህ ቱቦ ከገባ ስንት ቀኑ ነው?» ብላ ነበር። ወር እንዳለፈው ስንነግራት ምርመራው ከቅያሪው በኋላ እንደሚሆን አስረዳችን። እጇን ታጥባ ንጹሕ ጓንት አደረገች፤ ቱቦውን የሽንት ፊኛ ውስጥ ይዞ የሚያቆየውን የባሉን (ጫፉ ላይ በውሃ የሚነፋ ትንሽ ኳስ) ውሃ በሲሪንጅ ስባ ካወጣች በኋላ «አብሽሩ አባባ፣ አሁን ያልቃል» እያለች በቀስታ ሳበችው። የወጣውን ቱቦ ጫፍ ወደ ብርሃኑ አቅርባ አሳየችኝ። ሽንት የሚገባበት ቀዳዳ ነጣ ባለ፣ አሸዋ በሚመስል ቅርፊት ከግማሽ በላይ ተደፍኗል፤ የቱቦውም ግድግዳ ዝልግልግ ባለ ነገር ተሸፍኗል። ከዚያ አዲሱን አስገብታ ባሉኑን በንጹሕ ውሃ ከሞላች በኋላ ለካልቸር (ባክቴሪያውን በላብራቶሪ አሳድጎ ለመለየት) የሚሆነውን ሽንት ከአዲሱ ቱቦ ተቀበለች። አባቴ «አላህ ይስጥሽ ልጄ» ብለው መረቋት።

ያ ዝልግልግ ነገር ባዮፊልም ይባላል። ውሃ ሲቀመጥበት የከረመ ጀሪካንን ውስጥ በጣቱ የነካ ሰው ያውቀዋል፤ ባክቴሪያዎች ተጣብቀው፣ በራሳቸው ልጋግ ተሸፍነው የሚኖሩበት ንጣፍ ነው። በዚህ ንጣፍ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ በሽንት ውስጥ ከሚንሳፈፈው ጋር ሲነጻጸር መድኃኒትን እስከ 1000 እጥፍ ሊቋቋም ይችላል። መድኃኒቱ ተንሳፋፊውን ገድሎ ትኩሳቱን ያበርዳል፤ ከቱቦው ላይ የተረፈው እንደገና ይራባል። የአባቴ የሦስት ወር ውጣ ውረድ ምክንያቱ ይኸው ነበር። ቅርፊቱን የሚሠሩት ደግሞ እንደ ፕሮቲየስ ሚራቢሊስ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ሲለውጡት የማግኒዥየምና የካልሲየም ጨዎች ረግተው ቱቦውን ይደፍኑታል።

ቱቦው ላይ የተጣበቀውን ራሱን ለማየት ቱቦውን በድምፅ ሞገድ አራግፎ የረገፈውን ባክቴሪያ ማሳደግ ወይም ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ ይህ የተራ ክሊኒክ ሥራ አይደለም። ከአሮጌ ቱቦ የተቀዳ ሽንት ደግሞ በፊኛ ውስጥ ያለውን ሳይሆን በቱቦው ላይ የሰፈረውን ሊያሳይ ይችላል። የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር የ2009 እ.ኤ.አ. መመሪያም የኢንፌክሽን ምልክት ሲታይ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ካቴተር እንዲቀየርና ናሙናው ከአዲሱ እንዲወሰድ የሚመክረው በዚሁ ምክንያት ነው። ክሊኒኩ ውድ መሣሪያ ሳይኖረው ትክክለኛውን ቅደም ተከተል መያዙን ከሁሉም በላይ አደንቃለሁ።

በቀጣዩ ቀጠሮ አባቴ ምንም ሕመም ስላልነበራቸው ሐኪሙ የሽንት ምርመራ አላዘዘም። እኔ ግን ይመርመር ብዬ ተከራከርኩ። ካቴተር ባለበት ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘት ዕድል በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ ስለሚጨምር፣ አንድ ወር ሲሞላ በሁሉም ዘንድ ማለት ይቻላል እንደሚገኝ፣ ምልክት ሳይኖር ማከምም የሚያተርፈው መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያን እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳኝ። ለካርድና ለቱቦ ብቻ ከፍለን ወጣን።

ከላቴክስ (ከጎማ) ይልቅ ሙሉ በሙሉ ከሲሊኮን የተሠራውን ካቴተር እንድንገዛም መክረውናል። የውጭ ውፍረቱ እኩል ሆኖ የውስጡ ቀዳዳ ሰፋ ስለሚል ቶሎ አይደፈንም፤ ባዮፊልም ግን በእሱም ላይ ይሠራል። ዋጋው ብዙ እጥፍ ቢሆንም ለአባቴ የሚያዋጣ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ጉድለቶቹን አልደብቅም። የሚፈለገው የካቴተር ቁጥር (የውፍረት ልክ) ክሊኒኩ ውስጥ ስለማይኖር ሁለት ጊዜ እስከ ሰኞ ገበያ ድረስ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት ተንከራትተናል። በሁለት በሦስት ቀን ሊደርስ የሚገባው የካልቸር ውጤት ወደ ሌላ ላብራቶሪ ስለሚላክ አምስት ቀን ፈጅቷል። ቱቦው የገባበትን ቀን በካርዱ ላይ ስለማይጽፉት እኔ በፕላስተር ጽፌ ከረጢቱ ላይ እለጥፋለሁ፤ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው የቀኑ ጉዳይ ሆኖ ሳለ ይህን መተዋቸው ቅር ያሰኘኛል። ከሁሉ የከፋው ግን የሕክምና ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መሆኑ ነው። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ ዝቅ ማለት ሲኖርበት፣ አባቴ በአንድ እጃቸው ደረጃውን ተደግፈው በሌላው ከረጢቱን ደረታቸው ድረስ አንሥተው ሲወጡ ከረጢት ውስጥ የቆየ ሽንት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ምድር ቤት ያለችውን የካርድ ክፍል ከላይኛው ጋር እንዲለዋወጡ ለባለቤቱ ነግሬያቸዋለሁ፤ እስከዚያው ከረጢቱን ከጉልበታቸው በታች ይዤ ከኋላቸው የምወጣው እኔ ነኝ።