ሐዋሳ ያላችሁ፣ ቤት ድረስ መጥቶ ስክሪን ለሚቀይር ልጅ አሮጌውን ስክሪን እንዳትሰጡት

ተናድጄ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ብስት እለፉኝ። ነገሩ የሆነው ቅዳሜ ነው፣ ዛሬ ሰኞ ነው፣ እስካሁን ባሰብኩት ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል።

ስልኬ ሳምሰንግ ኤ52 ነው። አርብ ማታ አቶቴ ከባጃጅ ስወርድ ከጭኔ ላይ ተንሸራቶ ኮብልስቶኑ ላይ በፊቱ ተደፋ። መስታወቱ የሸረሪት ድር መሰለ እንጂ ስልኩ ይሰራል፣ ተቹ ይሰራል፣ ከለሩ እንዳለ ነው፣ አሻራዬን ሳይቀር አንብቦ ይከፍትልኛል። ይቺን ያዙልኝ።

ለምን ሱቅ አልወሰድሽውም ትሉኝ ይሆናል። ያው ታውቋቸው የለ፣ «ቁጭ በይ እህቴ፣ አስር ደቂቃ ነው» ይሉና ስልኩን ይዘው ከመጋረጃው ጀርባ ይገባሉ፣ ከዛ ምን አውጥተው ምን እንደከተቱ ፈጣሪ ይወቀው። ሰው ሁሉ የሚመክረኝ «አይንሽ እያየ ይሰራ» እያለ ነው። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ ቴሌግራም ላይ ቤት ድረስ እመጣለሁ የሚል ልጅ ፈልጌ አገኘሁ፣ በገዛ ሳሎኔ እጅ እጁን እያየሁ ማን ሊሸውደኝ አልኩ። 7,500 ብር ተስማማን። «ኦርጅናል ነው፣ እኔ ኮፒ አልነካም» አለኝ።

መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የገባው። እማዬን «ማዘር እንዴት ዋሉ» ብሎ ዝቅ ብሎ ጨበጣት፣ እሷ በቃ እዛው ተሸነፈች፣ ጀበናውን ጣደች። ስልኩን ወዲያ ወዲህ አገላበጠውና «ውይ የውስጡ ማሳያም ተመቷል፣ ዛሬ ቢሰራም ነገ ጠዋት ጥቁር ነው የሚልብሽ» አለኝ። አመንኩት። ማሞቂያውን ሰክቶ ዳር ዳሩን አሞቀ፣ በስስ ፕላስቲክ እየፈለቀቀ ከፈተው። ባትሪ ያበራሁለት እኔ ነኝ! ቁጭ ብዬ በእማዬ ስልክ ባትሪ እያበራሁ፣ «ይታይሃል?» እያልኩ።

አሁን እንቅልፍ የነሳኝ ቦታ ጋ ደረስኩ። አሮጌውን ስክሪን ሲያወጣው ጎትቶ አላወጣውም፣ ቀስ አድርጎ፣ እንቁላል እንደያዘ ሰው በሁለት እጁ ነው ያነሳው። ሶፍት ላይ አስተኛው። ከዛ የእህቴ ልጅ ጠረጴዛው ስር ሲድህ አየውና «ይሄ ስባሪ ህፃኑን እንዳይቆርጠው፣ እኔ ወስጄ ልጣልላችሁ» አለ። በሶፍት ጠቀለለው። አዲሱ ስክሪን የመጣበት ስፖንጅ ያለው ካርቶን ነበር፣ እሱ ውስጥ አስገባው፣ ክዳኑን ጠቅ አድርጎ ዘጋው፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ለሚጣል እቃ ካርቶን! አይኔ እያየ። እና እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሳቢ ነህ» አልኩት። በዚህ አፌ።

ከዛ አዲሱን ለጠፈው፣ አበራው፣ ቀን ስለነበር መስኮቱም ክፍት ስለሆነ ፏ ብሎ ታየኝ። አሻራውን ስሞክረው እምቢ አለ። «ሙጫው ሲደርቅ ነው የሚያነበው፣ ነገ ሞክሪው» አለና ስልኩን ባሉት ጎማዎች ሁሉ ጠፍሮ «እስከ ማታ እንዳትፈቺው» ብሎ እንደ ገበያ ዶሮ አስሮ ሰጠኝ። ለካ በደንብ እንዳላየው ነው። በቴሌብር ከፈልኩት፣ ሁለተኛ ቡናውን ጠጣ፣ እማዬ መርቃ ሸኘችው።

ማታ መብራት ሄደ። ጎማውን ፈትቼ አንድ ቪዲዮ ስከፍት ዙሪያው ጥቁር መሆን የነበረበት ቦታ አመድማ ሆኖ ያበራል። ድሮ እኮ በጨለማ ጥቁሩ የት አልቆ የስልኩ ጠርዝ የት እንደሚጀምር አይለይም ነበር። ከታች በኩል ያለው ጠርዝም ወፍሯል፣ አገጭ አውጥቷል። አሻራ የሚባል ነገር የለም፣ እሁድ ቀኑን ሙሉ አውራ ጣቴ እስኪቀላ ተጫንኩት።

ዛሬ ጠዋት ሌላ ሰሪ ጋ ፒያሳ ወሰድኩት። አየት አደረገና መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «አሮጌውን የት አደረግሽው?» ልጁ ወሰደው ስለው ከጎኑ ያለውን ጓደኛውን አየው፣ ሳቁ። ሁለቱም። ሲያስረዳኝ የኔ አሞሌድ ነበር፣ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ነው የሚበራው፣ ጥቁር ሲሆን ጭራሽ ይጠፋል። አሁን የተገጠመልኝ ከጀርባው መብራት ያለው ተራ ኤልሲዲ ነው፣ ለዛ ነው ጥቁሩ አመድ የሚመስለው፣ አሻራውም ከስክሪኑ ስር ያለ አንባቢ ስለሆነ በዚህ ውስጥ አሳልፎ ማየት አይችልም፣ ሙጫው ዘመኑን ሙሉ ቢደርቅም አይሰራም። የኔ ስክሪን ደግሞ የተሰበረው መስታወቱ ብቻ ነበር፣ ማሽኑ ያላቸው ሰዎች ላዩን መስታወት ገፈው በሌላ ይተኩና እንደ ኦርጅናል ይሸጡታል። «ኦርጅናሉን ሰጥተሽ፣ ብር ጨምረሽ፣ ኮፒ ገዛሽ ማለት ነው» አለኝ። ቡናውን አልነገርኩትም።

ልጁን ደወልኩለት። መጀመሪያ «ሶፍትዌር ነው፣ አፕዴት አድርጊው» አለ። አሮጌውን ስክሪን መልስልኝ ስለው ድምፁ ተቀየረ፣ ያ ትሁት ልጅ የት እንደገባ እንጃ፣ «እህቴ፣ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ አይንሽ እያየ ነው የሰራሁት፣ ራስሽ አይደለሽ እንዴ ባትሪ ያበራሽልኝ» አለኝ። ዘጋው። ቴሌግራም ስገባ የፕሮፋይል ፎቶው ጠፍቷል፣ ብሎክ ተደርጌያለሁ። ወንድሜ ደግሞ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ 813/2006፣ እንከሰዋለን ምናምን ብሎ ተነሳ፣ ደረሰኝሽን አምጪ ሲለኝ ያለኝ የቴሌብር ሜሴጅ ብቻ ነው፣ እሱም ላይ የወጣው የሴት ስም ነው። ወንድሜም ዝም አለ።

በቃ፣ እንግዲህ ስታስቀይሩ አሮጌው ስክሪን ከእጃችሁ አይውጣ፣ ከመክፈላችሁ በፊት መጋረጃ ዘግታችሁ ጥቁር ፎቶ ክፈቱበት፣ አሻራው እዛው ካልሰራ ሙጫ ምናምን የሚለውን አትስሙ። እና ደረሰኝ።

እማዬ እስካሁን አታውቅም፣ ምን ብዬ ልንገራት። አሁን ይሄን እየጻፍኩ ከጓዳ ሆና «የዛን ጨዋ ልጅ ቁጥር ስጪኝ እስቲ፣ የጎረቤታችን ስልክም ተሰብሯል» ትለኛለች።