ጆሊ ፎኒክስ አማርኛ ለሚናገር ልጅ፦ አጫጭሮቹ አናባቢዎች ላይ ምን ይጎድለዋል?

ኮፍያንና ስኒን የሚጠሩትን የእንግሊዝኛ ቃላት በእኛ ፊደል ጻፉ ቢባል፣ ብዙ ሰው ሁለቱንም ‹ካፕ› ብሎ ይጽፋቸዋል። መርከብና በግም ‹ሺፕ› ላይ ይገናኛሉ። ጆሊ ፎኒክስን፣ ማለትም በፊደላት ድምፅ የእንግሊዝኛ ንባብና ጽሕፈት የሚያስተምረውን ዝግጅት፣ ለልጃቸው ለመግዛት የሚያስቡ ወላጆችም ሆኑ ለክፍላቸው የሚመርጡ የኬጂ መምህራን ዝግጅቱን መመዘን ያለባቸው በዚህ ነው፤ ልጁ እነዚህን ድምፆች በጆሮው እንዲለይ ያደርገዋል ወይ? ፊደልን ከድምፅ ጋር በማገናኘት በኩል ዝግጅቱ በጣም ጠንካራ ነው። ጆሮን በማሠልጠን በኩል ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ልጅ ብቻውን አይበቃም።

ዝግጅቱን ያሰናዱት ሱ ሎይድና ሳራ ወርናም የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን መምህራን ሲሆኑ፣ የመምህሩ መጽሐፍ በ1992 እ.ኤ.አ. ታትሟል። 42 ድምፆች በ7 ምድብ፣ ስድስት ስድስት ሆነው ይሰጣሉ። የመጀመሪያው ምድብ ኤስ፣ ኤ፣ ቲ፣ አይ፣ ፒ፣ ኤን (s, a, t, i, p, n) ነው። በኤቢሲዲ ተራ የሚማር ልጅ ‹ሳት› የሚለውን ቃል ለማንበብ ቲ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ እዚህ ግን በሦስተኛው ፊደል ያነበዋል። ኢ (e) በሁለተኛው፣ ኦና ዩ (o, u) በሦስተኛው ምድብ ስለሚመጡ አምስቱም አጫጭር አናባቢዎች በ18 ድምፅ ውስጥ ያልቃሉ። የፊደሎቹ ስም ወደ ኋላ መቆየቱ ደግሞ ለእኛ ልጆች ትልቅ እፎይታ ነው። ስሙን አስቀድሞ የሸመደደ ልጅ ‹ፒን› ሲባል ‹ኢ›ን ይሰማና በአይ ፈንታ ኢ የተባለውን ፊደል ይጽፋል፤ የሰማውን በትክክል ጽፏል፣ ያሳሳተው የፊደሉ ስም ነው።

እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ እንቅስቃሴ አለው። ለኤ ክንድ ላይ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስል ጣትን ማንቀሳቀስ፣ ለኢ እንቁላል በመጥበሻ ጠርዝ ሰብሮ መክፈት፣ ለአይ አፍንጫ ጫፍ ላይ የአይጥ ጢም ማወዛወዝ፣ ለኦ መብራት ማብራትና ማጥፋት፣ ለዩ ጃንጥላ መዘርጋት። የእንግሊዝኛ ቃል ገና የማያውቅ ልጅ በሥዕሉ ብቻ ድምፁን አያስታውስም፤ እጁ ግን ያስታውሰዋል። መዝሙሮቹ ደስ ይላሉ፤ ነገር ግን ልጁ ዘፈኑን አጥርቶ እየዘፈነ ፊደሉን ላይለየው ስለሚችል እንደ ፈተና አትቁጠሯቸው።

ሁለት ቦታ ላይ ግን የእናንተ ሥራ ይጨመርበታል። የመጀመሪያው ድምፆችን መነጣጠልና ማጣመር ነው። ሦስት ቆርኪ ስጡትና ‹ሳት› በሉት፤ ፊደል የጀመረ ልጅ ብዙ ጊዜ ሁለት ብቻ ያስቀምጣል፣ አንዱን ለ‹ሳ›፣ አንዱን ለ‹ት›። በእኛ ፊደል ልክ ነው። እንግሊዝኛው የሚፈልገው ሦስት ስለሆነ ‹ስስስስ› ብላችሁ አርዝሙና የመጀመሪያውን ቆርኪ አስቀምጡ፣ ከዚያ ‹ኣኣኣ›፣ ከዚያ ‹ት›። ኤስ፣ ኤም፣ ኤንና ኤፍ ስለሚረዝሙ በእነሱ በሚጀምሩ ቃላት ጀምሩ፤ ፒና ቲ አይረዝሙም፣ እንደ ሹክሹክታ ቶሎ መቆረጥ አለባቸው። ተነባቢውን ሁልጊዜ በሳድስ ጥሩት። ‹ሰ-ኣ-ተ› የለመደ ልጅ ሲያጣምር ‹ሰኣተ› ከማለት በቀር መንገድ የለውም። ሳድስ ያለን መሆኑ እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት ነው፣ ብዙ መምህር ግን አይጠቀምበትም።

ሁለተኛውና ከባዱ፣ ተቀራራቢ አናባቢዎችን መለየት ነው። ዝግጅቱ በቀን አንድ ድምፅ ይላል፤ ይህ ፍጥነት ቃላቱን በቤቱ እየሰማ ላደገ ልጅ ተስማሚ ነው። ለእኛ ልጆች ተነባቢዎቹን በዚያው ፍጥነት አስኪዱ፣ ለእያንዳንዱ አናባቢ ግን ሦስት ቀን ስጡት። ዩ ከተማረ በኋላ ኮፍያና ስኒ ሥላችሁ ፊቱ አስቀምጡ። እናንተ አንዱን ጥሩ፣ እሱ ይጠቁም፤ ገና አያንብብ፣ አይጻፍ። በተከታታይ አሥር ጊዜ ያህል ሳይስት ሲጠቁም ብቻ እሱ ይጥራ፣ እናንተ ጠቁሙ። ለኤ አገጭ በደንብ ይወርዳል፣ ከንፈር ወደ ጎን ይለጠጣል። ለዩ አፍ በግማሽ ይከፈታል፣ ከንፈር ይላላል፤ ድምፁ ከእኛ ‹ኧ› ብዙም አይርቅም። መስታወት ይረዳል። ኢ ለእኛ ‹ኤ› ቅርብ ስለሆነ አጥሮ መባሉን ብቻ ተከታተሉ። አይ ከ‹ኢ› አጠር፣ ላላ ያለ፣ ወደ ‹እ› የሚያዘነብል ነው፤ ፈተናው የሚመጣው በአራተኛው ምድብ ረጅሙ ድምፅ ሲጨመር ስለሆነ ያን ጊዜ በመርከብና በበግ ሥዕል ተመለሱበት። ከሥዕሉ ሥር ንባቡን በአማርኛ ፊደል እንዳትጽፉለት አደራ፤ ሁለቱን ካፖች መልሳችሁ አንድ ታደርጓቸዋላችሁ።

ስትገዙ እትሙን አጣሩ። የእንግሊዝና የአሜሪካ እትም አለ፣ የፊደሉም ቅርጽ በሁለት ዓይነት ይታተማል፤ አንዱ ተራ የኅትመት ቅርጽ፣ ሌላው ለቅጥልጥል ጽሕፈት የሚያዘጋጅ ጭራ ያለው። የአማርኛ ፊደል ጎን ለጎን ለሚማር ልጅ ተራውን እንመርጣለን፣ ሌላ መጽሐፍ ሲከፍት የሚያገኘው እሱን ነውና። እትሙንና የምታሰሙትን ድምፅ ከአንድ አገር አድርጉ። በአሜሪካ አነጋገር ኦ ከንፈር ሳይከብ ወደ ‹ኣ› ስለሚጠጋ ባርኔጣው፣ ጎጆውና ትኩሱ (hat, hut, hot) ሦስቱም ለእኛ ጆሮ ‹ሃት› ይመስላሉ፤ የእንግሊዙ ኦ ከንፈርን ስለሚያከብ ለጀማሪ ይቀላል። አሜሪካ የሚኖር ቤተሰብ ግን ልጁ ትምህርት ቤት የሚሰማውን ይከተል።

ለአጫጭር አናባቢዎች ሙሉ ስብስቡ አያስፈልግም። በጣት የሚዳሰስ ጎድጓዳ ፊደል ያላቸው ሰባት መጻሕፍት ስላሉ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይበቃሉ። ፎቶ ኮፒያቸውን አትግዙ፤ ዋናው ጥቅማቸው ጉድጓዱ ነው፣ እሱ ደግሞ ኮፒ አይደረግም። ልጁ ቃል በቃሉ ሸምድዶ ይሁን በእርግጥ እያነበበ ለማወቅ ትርጉም የሌላቸው ባለ ሦስት ድምፅ ቃላት ጻፉለት። በእንግሊዝ አገር ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንደኛ ዓመት ላይ የሚሰጠው የፎኒክስ ምዘናም ከ40 ቃላቱ 20ዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ እዚያ የሚኖሩ ወላጆች ልጃቸው እንግዳ ቃል አይቶ እንዳይደነግጥ አስቀድመው ያለማምዱት።