ዲፈረንሻሉ ይቀየር ወይስ ካምቢዮው? በመኪና መወዳደሪያ ትራክ ላይ ለሚነዳ ሰው

የእህቴ ልጅ ዱባይ ነው የሚሠራው። ያገለገለች ቶዮታ 86 ገዝቶ፣ ሲመቸው ዱባይ ኦቶድሮም በሚባለው የመኪና መወዳደሪያ ትራክ ላይ ይነዳታል። እኔ ደግሞ ጅማ ጋራዥ ውስጥ ዘይት ስጠርግ ነው የምውለው። ባለፈው ደውሎ «አጎቴ፣ መኪናዋ ከኩርባ ስትወጣ ትሞትብኛለች። ካምቢዮዋን ላሠራው ወይስ ዲፈረንሻሏን ልቀይር?» አለኝ። ካምቢዮ ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን ነው፤ ዲፈረንሻል ደግሞ ከካምቢዮ የሚመጣውን ዙር ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ነው። በስልክ የማይጨረስ ጉዳይ ስለሆነ ጻፍኩት።

በመጀመሪያ፣ ሬሾ (አንዱ ጥርስ አንዴ እንዲዞር ሌላው ስንት ጊዜ እንደሚዞር) መቀየር ለሞተር ጉልበት አይጨምርም። ጭነት ይዞ የጊቤን ዳገት የወጣ ሹፌር ይህን ያውቃል። ከባድ ማርሽ ሲገባ ሞተሩ ያው ነው፤ መኪናው ግን ይወጣል። የሚከፈለው ፍጥነት ነው።

የመጀመሪያዎቹ 86 ሞዴሎች፣ የእጅ ማርሽ ያላቸው፣ የዲፈረንሻላቸው ሬሾ 4.1 ነው። ከካምቢዮ የሚወጣው ዘንግ 4.1 ጊዜ ዞሮ ጎማው አንዴ ይዞራል ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ሁሉም ማርሽ አብሮ ይከብዳል። ገበያ ላይ 4.3፣ 4.556 እና 4.88 ይገኛሉ። ሞተሩ በደቂቃ 7,400 ዙር ሲደርስ፣ በፋብሪካው ጎማ (215/45፣ 17 ኢንች)፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ አስልቻለሁ፦

ማርሽ | በ4.1 | በ4.556
ሁለተኛ | 97 | 87
ሦስተኛ | 138 | 124
አራተኛ | 175 | 158
አምስተኛ | 213 | 191

አሁን በ80 የሚወጣበትን ኩርባ እንውሰድ። በ4.1 ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ 4,290 ዙር ገደማ ነው። የዚህ ሞተር ድክመት ደግሞ እዚያው ነው፤ ከ3,500 እስከ 4,500 አካባቢ ይሰንፋል። «ትሞትብኛለች» ያለው ይህንን ይመስለኛል። ሁለተኛ ቢያስገባ ይነሳል፤ ግን 97 ላይ ወዲያው መቀየር አለበት። 4.556 ቢገባ ያው ሦስተኛ 4,770 ላይ ይሆናል። ከድክመቱ ወጣ። 4.3 ግን 4,500 ላይ፣ ደፉ ላይ ነው የሚያቆመው። ለዚያ ያህል ወጪና ድካም አልመክረውም፤ ምንም እንኳ ቶዮታ ራሱ በ2017 ሞዴል አሜሪካ ለሚሸጠው የእጅ ማርሽ 4.3 ቢያደርገውም። 4.88 ደግሞ ስድስተኛ ማርሽ ላይ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 3,180 ዙር ያስጮኻል። ልጁ መኪናዋን እየነዳ ነው ትራክ የሚሄደው፣ ጭኖ አይደለም። ጆሮውን ያደነቁረዋል።

ዲፈረንሻል የማይነካው ነገርም አለ። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲቀየር 7,400 የነበረው ዙር ወደ 5,210 ይወርዳል። በ4.1ም በ4.88ም ይኸው ነው። ይህ ክፍተት የሚጠብበው የካምቢዮው ውስጥ ጥርሶች ሲቀየሩ ብቻ ነው። ዋጋው ግን ከዲፈረንሻሉ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጥርሳቸው ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ይጮኻሉ፤ የፋብሪካው ዝም የሚለው ጥርሱ ሰያፍ ስለሆነ ነው። ሲንክሮ (ማርሽ ሲቀየር የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያመሳስለው ዕቃ) የሌለው ካምቢዮ ትራክ ላይ ፈጣን ነው፣ የከተማ መንገድ ላይ ግን ያማርራል። ሰዓት ይዞ ለሚወዳደር እንጂ ለመዝናናት ለሚነዳ አይደለም።

ርካሹ መንገድ ጎማ ነው። 205/50 በ15 ኢንች ቸርኬ ቢደረግ ቁመቱ 6 በመቶ ያጥራል፤ 4.37 ዲፈረንሻል እንደማስገባት ነው። ቸርኬው ከፍሬኑ ጋር እንዳይጋጭ ግን አስቀድሞ ይለካ። መኪናዋም 2 ሴንቲ ገደማ ዝቅ ትላለች።

ዲፈረንሻል የሚገዛ ሰው ኮሮናና ፒኞኑን (የዲፈረንሻሉን ትልቁንና ትንሹን ጥርስ) ጥንድ አድርጎ ይግዛ፤ አንዱን ከዚህ ሌላውን ከዚያ አያሰባስብ። ኩሽኔታና የዘይት መከላከያ ጎማም አብሮ ይቀየር። ከሁሉም በላይ የሚገጥመው ሰው ይመረጥ። በጥርሶቹ መካከል ያለውን ክፍተት በመለኪያ የማያይ፣ ቀለም ቀብቶ ጥርሱ የት እንደሚነካካ የማይፈትሽ ከሆነ፣ ጥሩው ዕቃ ሳምንት ሳይሞላው ማልቀስ ይጀምራል። እንዲህ የሚያለቅስ ዲፈረንሻል ከአንዴም ሁለቴ ፈትቻለሁ።

ሲቪክን የመሰለ በፊት ጎማ የሚጎተት መኪና ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ዲፈረንሻሉ ካምቢዮው ውስጥ ስለሆነ ለማንኛውም ይፈታል። እዚያ ጥርሱን ለመቀየር ያሰበ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ቢያሠራ የእጅ ዋጋ ይተርፈዋል።

ለእህቴ ልጅ 4.556 ነው ያልኩት። አንድ ስጋት ብቻ አለኝ። የትራኩ ቀጥታ መስመር ላይ ፍሬን ሳይዝ 165 ወይም 170 የሚደርስ ከሆነ፣ በ4.1 አራተኛ ይበቃው የነበረውን አሁን ለሁለት ሴኮንድ ብሎ አምስተኛ ማስገባት ሊኖርበት ነው። በዚያ ያተረፈውን እዚህ ይከስራል። ስለዚህ ዕቃውን ሳያዝ፣ የዙር መለኪያው የሚታይበት ቪዲዮ ቀርጾ ይላክልኝ ብዬዋለሁ።