የዓሣ ምርት ለመመዝገብ ምን ልግዛ? ባለ መርፌ ሚዛንና መዝገብ ወይስ ዲጂታልና ስልክ

ሰሞኑን ስልኬ የሚጠራው ለአንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ከባቱ ተደወለልኝ፤ ከአርባ ምንጭም ተደወለልኝ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር አንድ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ቡና ልጋብዝህ ብሎ ጠራኝ። ግማሽ ሰዓት ስለ ልጆቹ ካወራኝ በኋላ ነገሩን አመጣው። «ማኅበራችን የዓሣ ምርት መመዝገብ ሊጀምር ነው። ምን እንግዛ?»

መልሴ አጭር ነው። ባለ መርፌውን ተንጠልጣይ ሚዛን ግዙ። አብራችሁ ጠንካራ ሽፋን ያለው መዝገብና እርሳስ ግዙ። ዲጂታል ሚዛኑና በስልክ መመዝገቡ አይቸኩልም። እዚህ ሐሳብ ላይ የደረስኩት ግን ተምሬ ሳይሆን ተቃጥዬ ነው።

እኛ መጀመሪያ የገዛነው ዲጂታል ነበር። በ950 ብር። እጅ ውስጥ የምትገባ፣ መንጠቆ ያላት፣ 50 ኪሎ የምትችል። ነጋዴው «10 ግራም ሳትቀር ታነባለች» አለን፤ እኛም ደስ አለን። ሦስት ቁልፍ አላት። አንዱ ማብሪያ፣ አንዱ ዜሮ ማድረጊያ፣ አንዱ መለኪያ መቀየሪያ። ጉድ የሠራን ሦስተኛው ነው። አንዴ ሲነካ ከኪሎ ወደ ፓውንድ ይሄዳል፤ ሲደገም ጂን ወደሚባል የቻይና መለኪያ። አንድ ጂን ግማሽ ኪሎ ነው። ስለዚህ 12 ኪሎ ዓሣ ሲሰቀል 24 ይላል። ልዩነቱን የምትናገረው በስክሪኑ ጥግ ያለች ምልክት ናት፤ እሷም ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም።

ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። በጾም ገበያው ይደራል፤ አስጋሪውም ቀንና ሌሊት ሐይቁ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲያድግ ማንም አልደነገጠም። ነጋዴው የሚገዛው በራሱ ሚዛን ነው፤ የኛዋ ለመዝገብ ብቻ ናት። በብር በኩል የሚጮህ ሰው አልነበረም ማለት ነው። የቆሮሶ (የቲላፒያ) ምርታችን ለሦስት ሳምንት እጥፍ ሆነ። ሪፖርት ጻፍን፤ ላክን፤ ተመሰገንን።

ያዳነን «ቁጥር» የሚለው ዓምድ ነው። አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ አስጋሪ መዝገቡን አስነበቡኝ። 60 ቆሮሶ፣ 33 ኪሎ። ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና «ልጄ፣ ለአንዱ ከግማሽ ኪሎ በላይ ደረሰው ማለት ነው። ይህን የሚያህል ቆሮሶ ያለበትን ቦታ ለእኔም አሳየኝ» አሉ። የእኛ ሰፈር ቆሮሶ 270 እና 280 ግራም ቢሆን ነው። ወደ ኋላ ሄደን ቁጥር ያለበትን ሁሉ እያየን ለሁለት አካፈልን። ቁጥር ያልተጻፈበትን ቀን ሰረዝነው። ሌላ ምን ይደረጋል?

ከዚያም በኋላ ወዲያው አልተማርንም። ሁለተኛ ዲጂታል በ1,100፣ ሦስተኛ በ1,300 ገዛን። አንዷ ውሃ ገባባት። ሌላዋ ቅርጫቱ ተሰቅሎባት እያለ ትበራለች፤ ያኔ ቅርጫቱንም ዓሣውንም ዜሮ ብላ ትቆጥራለች። በ14 ወር ሦስት ሚዛን፣ 3,350 ብር። ባትሪ ድንጋይ ደግሞ በየወሩ ገደማ አንድ ጥንድ፣ 60 ብር። እሱ ብቻ 840 ብር በላ። ድምር 4,190 ብር፤ በእጃችን የቀረ ሚዛን የለም።

ባለ መርፌው ሲገዛ ያማል። እኛ ደህናውን 25 ኪሎ የሚችለውን በ3,400 ብር ነው ያገኘነው፤ ቅርብ ጊዜ ዋጋ ስጠይቅ 6,200 አሉኝ። አዎ፣ ውድ ነው። ግን ይኸው አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ድንጋይ አይበላም፤ ዝናብ አያስፈራውም። የሚያነበው በ100 ግራም ልዩነት ነው፤ «ይቺማ አታጠራም» የሚል አይጠፋም። ከሐይቅ የወጣ ቅርጫት እኮ እስኪንጠፈጠፍ ብቻ 200 ግራም ውሃ ያፈሳል! 10 ግራሙን ምን ልታደርጉበት ነው?

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ሌላ ነገር አለው። መርፌውን አስጋሪውም ያያል፣ መዝጋቢውም ያያል፣ አጠገቡ የቆመ ልጅም ያያል። ክርክር ቢነሳ እዚያው ያልቃል። ዲጂታሏን አንድ ሰው በእጁ ይዞ፣ ፀሐይ ስክሪኗን እያጠፋበት፣ «18 ከ40» ይላል፤ የቀረው ሰው ማመን ነው። ማስገሪያ ዳር ደግሞ እምነት በብድር አይገኝም።

ኮፒውን ግን ተጠንቀቁ። ባለ መርፌውም ኮፒ አለው፤ በ1,800 እና በ2,000 ብር ይሸጣል፤ ከውጭ ሲያዩት መንትያ ነው። ሳጥኑን አትመኑ። እኔ የማየው ሦስት ነገር ነው። መጀመሪያ አንሱትና ነቅነቅ አድርጉት፤ ውስጡ ከተንኳኳ መልሱለት። ቀጥሎ የቁጥሩን ሰሌዳ እዩ፤ ወረቀት ተለጥፎ ከሆነ የመጀመሪያው ክረምት ይልጠዋል። ከዚያ ከባድ ነገር ስቀሉና አውርዱ። መርፌው ዜሮ ላይ ካልተመለሰ ስፕሪንጉ ገና ሳይሠራ ደክሟል።

ሱቅ ውስጥ መፈተኛ ከየት ይመጣል ላላችሁ፣ ውሃ አለላችሁ። ባለ 2 ሊትር የታሸገ ውሃ አንድ እሽግ ውስጥ 6 ፍሬ አለ። 12 ሊትር ውሃ 12 ኪሎ ነው፤ ፕላስቲኩ ትንሽ ይጨምራል። ስቀሉት። 12 እና ትንሽ ካለ ደህና ነው። 11 ካለ ወይም 13 ካለ «እናስተካክልላችኋለን» ቢላችሁም ውጡ። እኛ አሁንም ሰኞ ሰኞ ጠዋት በዚሁ እንፈትናለን፤ ውሃውን እንጠጣውና በሌላ እንተካዋለን።

ስለ ጥገና አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም ከሁሉ ያበሳጨኝ እሱ ነው። አንዱ ሚዛናችን 40 ኪሎ ተሰቀለበትና ስፕሪንጉ ተለጠጠ፤ ባዶውን አንድ ኪሎ ተኩል ማንበብ ጀመረ። አንድ ሠራተኛ ጋር ወሰድነው። 400 ብር ተቀብሎ በማግስቱ መለሰልን፤ መርፌው ዜሮ ላይ ቀጥ ብሏል። ተደሰትን። ሰኞ ውሃውን ስንሰቅል 10 ከ800 አለ። ለካ ሰውዬው ስፕሪንጉን አንድ ዙር ቆርጦ ነው ያሳጠረው። የተቆረጠ ስፕሪንግ ይጠነክራል፤ እንደ ልቡ አይለጠጥም። ባዶውን ልክ ነው፤ ሲጫን ግን ያሳንሳል። ሰኞ ባንፈትነው ኖሮ ሐይቁ ዓሣ አነሰው እያልን ሪፖርት እንጽፍ ነበር። ዜሮ ማስተካከያዋን ማዞር እናንተም ትችላላችሁ። የተለጠጠ ስፕሪንግ ግን አይጠገንም፤ ለጥገናው የምትከፍሉትን ለአዲሱ ጨምሩት።

አሁን ወደ መዝገቡ። ባለ 200 ቅጠል፣ ጠንካራ ሽፋን፣ 450 ብር። እርሳስ 15 ብር። እስክሪብቶ ርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም፤ የሚፈሰው ቀለም ደግሞ አንድ ጠብታ ሲያገኝ ገጹን ሰማያዊ ያደርገዋል። ፎቶ ኮፒ የተደረገ ልቅ ፎርም አልመክርም። ከተጠረዘ መዝገብ ገጽ ሲቀደድ ይታወቃል። ልቅ ፎርም ግን ሲጠፋ እንደ ጠፋ እንኳ አይታወቅም።

ስልኩስ? አዲስ ደህና ስልክ 13,000 ብር ተጠርቶብኛል። ስላሽ፣ ማለትም ያገለገለ፣ በ7,000 ይገኛል፤ ስክሪኑ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው። ኮቦ የሚባለው የስልክ መመዝገቢያ መተግበሪያ ጥሩ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ያልሞላችሁትን ቦታ አላሳልፍም ይላል። ይህን አልክድም። ችግሩ ማስገሪያው ዳር ነው። ልጋግ የነካው ጣት ስክሪን አይታዘዝለትም። መብራት ሁለት ቀን ከጠፋ ምዝገባውም ሁለት ቀን ይጠፋል። በፕሮጀክት የመጣ ታብሌት ደግሞ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የት እንደሚገባ ታውቃላችሁ።

የቀንና የሰዓቱ ነገር ለብቻው ነው። የኛ መዝጋቢ ጀልባ ሲገባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነበርና ስልኩ ላይ 1:00 ብሎ ሞላ። ስልኩ ምን ያውቃል? ሪፖርቱ ሲወጣ ጀልባዎቻችን ሁሉ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሚያራግፉ ሆነው ቁጭ አሉ። አንድ ጎበዝ ደግሞ ከዚህ ተነስቶ ስለ ሌሊት ማስገር ሊጽፍበት ነበር። የጳጉሜም ጣጣ አለ። የተሰጠን ሰንጠረዥ 12 ወር ብቻ ነው ያለው። አንዱ መዝጋቢ የጳጉሜን ወደ ነሐሴ ጨመረው፤ ሌላው ወደ መስከረም። በዚያ ዓመት የአንዱ ጣቢያ መስከረም በጣም «አመርቂ» ሆነ። መዝገብ ላይ ጳጉሜ 3 ብሎ የሚጽፍ ሰው ማንንም አያሳስትም።

የትኛውንም ግዙ፣ የሚከተሉት ዓምዶች ከሌሉ ብሩ ባክኗል። ስንት መረብ ተጣለ፣ ስንት ሌሊት አደረ፣ ስንት ፍሬ ዓሣ፣ ስንት ኪሎ፣ ሙሉ ነው ወይስ ፊሌት (ተበልቶ የወጣ ሥጋ ብቻ)። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል። ከ3 ኪሎ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌት 1 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓምድ ከተደባለቁ ምርቱ ወረደ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ፤ የጨመረው ግን የሚበልቱት ሴቶች ሥራ ነው። ባዶ የተመለሰውንም ጀልባ ጻፉት። «ምን ይጻፋል፣ ዜሮ እኮ ነው» ይሏችኋል። ዜሮው ካልተጻፈ የቀሩት ጀልባዎች ብቻ ይታያሉ፤ ሐይቁ ሁልጊዜ ሙሉ ይመስላል።

የዓሣውን ስም በተመለከተ፣ ከአርባ ምንጭ ለደወለልኝ ወንድሜ ይህን ደጋግሜ ነገርኩት። እኛ ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የምንለውና እነሱ ጫሞ ላይ ነጭ ዓሣ የሚሉት አንድ አይደለም። የኛው የባርበስ ወገን ነው፤ የነሱ የናይል ፐርች። ሁለቱን ሰንጠረዥ አንድ ላይ ደምሮ «የነጭ ዓሣ ምርት» ማለት በግንና ላምን ደምሮ «ቀንድ ያለው» እንደ ማለት ነው።

ሲነበብስ? ድምሩን ብቻ አትዩ። ለምሳሌ ጥቅምት ላይ 5 ጀልባ እያንዳንዱ 10 መረብ ጥሎ በድምሩ 300 ኪሎ ቢያዝ፣ ለአንድ መረብ 6 ኪሎ ነው። ጥር ላይ 9 ጀልባ 15፣ 15 መረብ ጥሎ በድምሩ 405 ኪሎ ቢያዝ፣ ምርት አደገ ይባላል፤ ለአንድ መረብ ግን ወደ 3 ኪሎ ወርዷል። ይህን የሚነግራችሁ የመረብ ዓምድ ነው፤ ስንት ብር የወጣበት ስልክ አይደለም።

በጣና የሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ የገባው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የደንገል ታንኳ ነበር። ነጭ ዓሣ ከሚባሉት ብዙዎቹ ዝርያዎች በክረምት እንቁላል ሊጥሉ እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። ያን ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ብዙ ይይዛል። መዝገቡን ላየ ዓሣው የበዛ ይመስላል፤ የበዛው ግን አንድ ቦታ መሰብሰቡ ነው። ተመራማሪዎች በራሳቸው መረብ ሲለኩ፣ ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ይህ ዓሣ ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ነበር። ስለዚህ የነሐሴን የምታወዳድሩት ካለፈው ዓመት ነሐሴ ጋር ነው፤ ከግንቦት ጋር አይደለም።

ለስልክ የምተወው ቦታ አለ። ማታ፣ እጅ ታጥቦ፣ ቢሮ ውስጥ የቀኑን ገጽ ፎቶ ማንሳት፤ መዝገቡ ሐይቅ ውስጥ ቢወድቅ እንኳ ገጹ ይኖራል። ከዚያ ቁጥሩን እዚያው ወደ ኮቦ ማስገባት። ማራገፊያችሁ ብዙ ሆኖ፣ ስምንት ዘጠኝ ደርሶ፣ አንድ ሰው ሁሉንም መደመር ካለበት ያኔ ስልክ ያዋጣል። ለአንድ ማኅበር ግን 6,200 ለሚዛን፣ 450 ለመዝገብ፣ 150 ለአሥር እርሳስ፤ 6,800 ብር። ስላሹን ስልክ ብቻውን አትገዙበትም።

ዲጂታሉን ቀድሞ የገዛችሁ ደግሞ አትጣሉት። መለኪያ መቀየሪያዋን ቁልፍ በሱፐር ግሉ ድፈኑ፤ ቁጥር ቁጠሩ፤ ሰኞ በውሃ ፈትኑ። እኛ ጋ ውሃ ገብቶባት የሞተችው ከደረቀች በኋላ ነፍስ ዘርታ እናቴ ቤት ገብታለች። በርበሬ ትመዝንባታለች። ቁልፏን ራሷ ናት በፕላስተር ያሸገቻት።