ለትንንሽ መለዋወጫ ዋተርጄት ይሻላል ወይስ ሌዘር? ከኮምቦልቻና ከደሴ ደንበኞች ልምድ

ኮምቦልቻ ላይ የማሽን ጥገና የሚሠራ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በትልቁ ብረት አይደለም። ትልቁን ቶርኖ ቤት ወስዶ ያስጨርሰዋል። የሚያስቸግሩት የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉት ናቸው፦ የፓምፕ ጋስኬት፣ የናስ ሮንዴላ፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ ላሜራ። ስዕላቸውን ልከን ስናስቆርጥ የሚቀርብልን ምርጫ አብዛኛውን ጊዜ ዋተርጄት ወይም ሌዘር ነው። ሁለቱንም ከፍዬ ሞክሬያለሁ፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቼም ደሴ ያሉ ባለሙያዎች ያስቆረጡትን በእጄ ይዤ አይቻለሁ።

ዋተርጄት ውሃን 4,000 ባር ገደማ በሆነ ግፊት በጣም በቀጠነ ቀዳዳ ያስወጣል። ለብረት፣ ለድንጋይና ለመስታወት ጋርኔት የተባለ ጠንካራ የማዕድን አሸዋ ይጨመርበታል። ብረቱን ይፍቀዋል እንጂ አያቀልጠውም። ሌዘር ግን የሚቆርጠው በሙቀት ነው። የደንበኛው ደስታም ሆነ ቅሬታ ከዚህ ይመነጫል።

ጎማ ከሆነ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። ለምግብ ፓምፕ የታሰበ የ3 ሚሊሜትር ጎማ ጋስኬት አንድ ጊዜ በሌዘር አስቆርጬ ነበር። ጠርዙን በጣቴ ስዳብሰው ጥላሸት ለቀቀ፤ የቃጠሎ ሽታውም ለቀናት አልጠፋም። ምግብ የሚነካ ዕቃ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልገጥምም። ያንኑ ጋስኬት በዋተርጄት፣ ያለ አሸዋ በውሃ ብቻ ሲቆርጡት ጠርዙ እንደ አይብ ለስልሶ መጣ። ፒቪሲ ፕላስቲክን ደግሞ ፈጽሞ ለሌዘር አትስጡ፤ ሲቃጠል የሚወጣው አሲድነት ያለው ጋዝ ሳንባም ማሽንም ይጎዳል።

ስስ የማይዝግ ብረት ላይ ፍርዴ ይገለበጣል። ደሴ ውስጥ የስም ፊደላትና ጌጣጌጥ የሚሠራ ወዳጄ የ1 ሚሊሜትር ላሜራ የሚያስቆርጠው በሌዘር ነው፤ ትክክል ነው። ይፈጥናል፣ ይረክሳል፣ የውስጥ ማዕዘኑም ሹል ሆኖ ይወጣል። የተለመደው ዋተርጄት የሚተወው የመቁረጫ መስመር 1 ሚሊሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ስለዚህ የውስጥ ማዕዘን ሁሉ ትንሽ ይከብባል፤ ከዚያ የጠበበ ስንጥቅም አይወጣለትም። ለጥቃቅን ሥራ ተብለው የተሠሩ፣ መስመራቸው 0.3 ሚሊሜትርና ከዚያም በታች የሆነ የዋተርጄት ማሽኖች አሉ። ዋጋ ስትጠይቁ የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ።

ወፈር ያለ ናስና መዳብ ሲመጣ ወደ ዋተርጄት እመለሳለሁ። ሁለቱም የሌዘርን ብርሃን ያንጸባርቃሉ፤ ሙቀቱንም ቶሎ ያሰራጩታል። ነገር ግን እኔን ያከሰረኝ ሥራም ይኸው ነው። በ10 ሚሊሜትር ናስ ላይ የ6 ሚሊሜትር ቀዳዳዎች አዘዝኩ። ዕቃው ሲደርስ ካሊፐር (የስፋት መለኪያ) አስገባሁ፤ ከላይ ልክ 6 ሆነ። በቀዳዳው የሚገባውን ፒን ስከት ግማሽ መንገድ ላይ ነከሰ። ገልብጬ ብለካው ከታች 5.85 ነው። ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ኃይሉ ስለሚዳከም መስመሩ ይጠባል፤ ቆራጩ ሲቸኩል ደግሞ ይብሳል። ዝግ ብሎ መቁረጥ ወይም ጭንቅላቱን በጥቂቱ የሚያዘነብል ማሽን ችግሩን ያቃልለዋል፤ ዋጋው ግን ይጨምራል። ስለዚህ የተላከላችሁን ዕቃ በአንድ ፊት ብቻ ለክታችሁ አትቀበሉ።

ሌላው የትንንሽ ዕቃ ጣጣ መጥፋት ነው። ከማሽኑ በታች ውሃ የሞላ ገንዳ አለ፤ ተቆርጦ የተለየ ቁራጭ በድጋፍ ብረቶቹ መካከል ሾልኮ እዚያ ይወድቃል። 40 አዝዤ 37 የደረሰኝ በዚህ ምክንያት ነው። ጠንቃቃ ቆራጭ እያንዳንዱን ቁራጭ ከላሜራው ጋር በቀጭን ድልድይ አያይዞ ይተወዋል። ድልድዩን ሰብሮ ጉብታውን በሞረድ ማስተካከል የማን ሥራ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ 200 ቁራጭ ሲሆን የአንድ ሙሉ ቀን ድካም ነው። ተራ ብረት ከሆነ ደግሞ ደርቆና ዘይት ተቀብቶ እንዲታሸግ ጠይቁ። እርጥቡን በፕላስቲክ ጠቅልለው ከላኩት መንገድ ላይ ይዝጋል።

የ0.01 ሚሊሜትር ልክ የሚፈልግ፣ እንደ ላሜራ መምቻ ሻጋታ ያለ ሥራ ካላችሁ በሽቦና በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚቆርጠውን ማሽን ፈልጉ፤ ይዘገያል፣ የሚቆርጠውም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ብቻ ነው። ከተለመደው ዋተርጄት 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ልዩነት መጠበቅ ተገቢ ነው።

እኔ አሁን የናሱን ሥራ ዙሪያውን በዋተርጄት አስቆርጣለሁ፤ ቀዳዳዎቹን ግን በ5.5 ሚሊሜትር አስወጥቼ እዚሁ ኮምቦልቻ በመሰርሰሪያና በሪመር (ቀዳዳን በልክ አስፍቶ በሚያለሰልስ መሣሪያ) ወደ 6 አደርሳቸዋለሁ። ፒኑም ሳይነክስ ከላይ እስከ ታች ይገባል።